ፊታውራሪ መሸሻን ጠልታችሁ ብቻ አትለፉ

ልጆቼ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለማንበብ ስትነሡ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ጋ ቶሎ ለመድረስ ብላችሁ ገጽ አትዝለሉ። እኔ በወጣትነቴ ዘልዬ ተጎድቻለሁ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ በፍቅረኞቹ አልጀመሩም። መጀመሪያ ማንኩሳ የተባለውን ቦታ ያሳዩናል፤ ቀጥሎ የበዛብህን እናት ውድነሽ በጣሙን። ያገባቻቸው ባሎች እየሞቱባት «ገፊ» ተብላ ሰው የሸሻት ሴት ናት። እሷን ፈርቶ ያልሸሸው ቦጋለ መብራቱ ያገባታል፤ ልጅ ይወልዳሉ፤ ልጁ እንዳይሞትባት ለእግዚአብሔር ትሳለዋለች። እኔ «ፍቅሩ መቼ ይጀምራል?» እያልኩ ያለፍኩት ይህን ነበር። ልጆች ወልጄ፣ በአንዱ ትኩሳት ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ካነጋሁ በኋላ ስመለስበት ግን ፍቅሩ የጀመረው እዚያው እንደሆነ ገባኝ። በዛብህ ሰብለን ሲወድ መንገዱን የሚዘጋው የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ብቻ አይደለም፤ የእናቱ ስዕለትም አለ። ይህን ያላነበበ ሰው በዛብህን ፈሪ ይለዋል። ያነበበ ግን አብሮት ይጨነቃል።

ደራሲው ራሳቸው ጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ሰው ናቸው። በዛብህ ያለፈበትን የቆሎ ተማሪ ኑሮና የቅኔ ቤት ወግ የጻፉት ኖረውበት ነው፤ በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጅ የምናውቀው የሚመስለን ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ልምጣ። ብዙ አንባቢ እሳቸውን ጠልቶ ያልፋል፤ መጥላትም ይቀላል። በዘራቸው ይኮራሉ፤ ለልጃቸው የመጣውን ሁሉ «አይመጥነንም» እያሉ ሲመልሱ ልጅቱ የማግቢያ ዕድሜዋ ያልፋል፤ ገበሬውንም በግብር ያስጨንቃሉ። እኔም ጠልቻቸው ነበር፣ እስከ አንድ ቀን ድረስ።

ያኔ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ይተርከው ነበር። እኛ ቤት ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ሥራውን ይዞ ሬዲዮው አጠገብ ይሰበሰባል። የዚያን ቀን ታላቅ እኅቴ ቡና ትቆላለች። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮባት፣ አባታችን «ዘሩ አይታወቅም» ብለው መልሰውታል። እኔም ከዚያ ወዲህ ከአባቴ ጋር በቅጡ አልነጋገርም። ወጋየሁ የፊታውራሪን ንግግር በዚያ ግርማ ባለው ድምፁ ሲያወርደው አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁና «እውነቱን ነው፤ አባት አይደል!» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። እኅቴ እጇ ምጣዱ ላይ ቀረ፤ ቡናው አረረ።

ያን ማታ አልተኛሁም። አባቴ ከአባታቸው የወረሱት መሬት የለም፣ ከብት የለም፤ የወረሱት ስም ብቻ ነው። ልጃቸውን «ለማይመጥን» ከሰጡ ያቺም እጃቸው ላይ ያለችው አንዲት ነገር የምትሄድ መስሏቸው ነበር። ፊታውራሪ መሸሻም እንዲሁ ናቸው፤ ከኩራታቸው ሥር ፍርሃት አለ። አባቴ ትክክል ነበሩ አልልም፤ ዛሬም አልልም። ግን በማግስቱ አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ እኅቴ መናገር ቻልኩ፤ ከዚያ በፊት መጮህ ብቻ ነበር የማውቀው።

ስለዚህ ስታነቡ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ቆም በሉና «ይሄ ሰው ምን ፈርቶ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የፊታውራሪን ዘመድ ጉዱ ካሳንም እንዲሁ። እናንተ ወጣቶች ካሳን ትወዱታላችሁ፤ ወግ ልማዱን ደፍሮ ስለሚተች ቃሉን እየመዘዛችሁ ለክርክር ትጠቀሙበታላችሁ። ውደዱት። ግን በገዛ ዘመዶቹ መካከል እንደ እብድ እየታየ ሲኖር፣ ከሰብለና ከበዛብህ በቀር የልቡን የሚያዋየው ማን እንደነበረውም አስቡ። እኔ ካሳን የወደድኩት ብቸኝነቱን ካየሁ በኋላ ነው።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። እኔ ዘንድ ያለው ቅጂ ሽፋኑ ተገንጥሎ ጀርባውን በአቡጀዲ ለጥፌዋለሁ፤ ማንበብ የሚፈልግ መጥቶ ይውሰድ። የማንኩሳን ገጾች ሳይዘል ግን።