የባሕርይ ፍጥነትና የጸጋ ፍጥነት

ሊቃውንታችን አንድን ኃይል ሲመረምሩ አስቀድመው የሚጠይቁት፣ ይህ ኃይል የባሕርይ ነው ወይስ የጸጋ ብለው ነው፤ እሳት በባሕርዩ ያቃጥላል፣ ብረትም ከእሳት ገብቶ የጋለ እንደ ሆነ ያቃጥላል፣ የሁለቱ ቃጠሎ ለነካው እጅ አንድ ቢሆንም ምንጩ ግን አንድ አይደለም። ይህን ምርመራ ወደ አውቶሞቢል ማውረድ የማይገባ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን የሰው እጅ ሥራ ሁሉ የሠሪውን ሐሳብ ተሸክሞ ስለሚኖር፣ ለስፖርት የተወለደው መኪና ለድሎት ተሠርቶ በኋላ ኃይል ከተጨመረለት በምን እንደሚለይ መጠየቅ ከንቱ ድካም አይመስለኝም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ቢ ኤም ደብሊው ያወጣው ኤም 5፣ ሲያዩት አባወራ ልጆቹን የሚያመላልስበት ባለአራት በር የቤት አውቶሞቢል ነበር፤ ከኮፈኑ ሥር ግን 286 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተቀምጦ በሰዓት እስከ 245 ኪሎ ሜትር ያስሮጠው ነበር። በ1996 መሠራት የጀመረው የእንግሊዙ ሎተስ ኤሊዝ ደግሞ ጉልበቱ 118 ብቻ፣ ፍጥነቱም ከ200 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ነበር። እንግዲህ መለኪያው ፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክብሩ ለቤት አውቶሞቢሉ በተሰጠ ነበር።

ነገር ግን የኤሊዝን በር የከፈተ ሰው ምንጣፍ ያልነካው አሉሚኒየም ወለል፣ በእጅ እየተዞረ የሚወርድ መስኮት፣ ስስ መቀመጫ ያገኛል፤ ጎኑ ሰፊ፣ ጣራውም ዝቅተኛ ስለ ሆነ፣ እንደ ገዳም ደጅ አንገቱን ያልደፋ አይገባበትም። በብየዳ ሳይሆን በማጣበቂያ የተያያዘው ሻንሲ 68 ኪሎ ገደማ፣ መኪናው በሙሉ 725 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ መሪውም የኃይል ረዳት ስለሌለው የመንገዱን ጠጠር አንድ ባንድ ለእጅ ያሰማል። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን በ1982 ቢሞትም፣ ጉልበት ከመጨመር ይልቅ ክብደትን መቀነስ ይቀድማል የሚለው ትምህርቱ በዚህ ሥራ ውስጥ በሕይወት አለ፤ ይህም ምናኔ ነው፣ መናኝ ዓለምን የሚተወው ጠልቷት ሳይሆን ልቡ በሙሉ ወደ አንድ ነገር ስለ ሄደ ነውና።

የኤም 5ን ኃይል ሐሰተኛ የሚሉትን ግን አልከተልም። ሞተሩ በ1978 ከወጣው፣ ኤም 1 ከተባለው እውነተኛ የስፖርት መኪና ሞተር የተወለደ ነበርና፣ ብረቱ በእርግጥ ከእሳት ገብቷል። የሚያሳዝነኝ ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው፤ በ2024 የወጣው ኤም 5 ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ተጨምሮለት 727 የፈረስ ጉልበት ቢኖረውም ክብደቱ ከ2,400 ኪሎ በላይ ስለ ሆነ፣ ሦስት ኤሊዝ አንድ ላይ ሚዛን ላይ ቢወጡ አይስተካከሉትም፤ ክብደቱ ጉልበትን ጠየቀ፣ ጉልበቱም መልሶ ክብደትን አመጣ።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ግን በአሮጌው ኤም 5 ላይ ብያኔ ለመስጠት እጄ ይዘገያል። በኤሊዝ ውስጥ ያሉት ወንበሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ መናኙ ለመንገዱ ሲል ከተዋቸው መካከል ልጆቹም አሉበት፤ የጋለው ብረት ግን ከኋላ ወንበሩ ሦስት ልጆችን አስቀምጦ ይሄዳል።