ጾሙና ሚዛኑ

ማንያታ ላይ፣ በኬንያው ሞያሌ፣ ምግብ ቤት አለኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አብዛኞቹ ደንበኞቼ ሙስሊሞች ናቸው። በዐቢይ ጾምም በረመዳንም የሚጠይቁኝ ግን አንድ ነው፦ «እየጾምኩ ለምን ኪሎ ጨመርኩ?»

መልሱ ያለው እኔው ድስት ውስጥ ነው። የጾም ሽሮ ቅቤ የለውም፤ ጣዕሙን የሚሸከመው ጨው ነው። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል፣ እኔ ደግሞ ላወጣው ስል እጨምርበታለሁ። ደም የጨውን ልክ ይጠብቃል፦ ጨው ሲበዛ ያስጠማል፣ ኩላሊትም ውኃ ይይዛል። 9 ግራም ያህል ጨው ሰውነት ውስጥ ሲቀር አንድ ሊትር ገደማ ውኃ አብሮት ይቀራል፤ አንድ ሊትር ማለት አንድ ኪሎ። ስብ አይደለም። ጨው ሲቀነስ በጥቂት ቀን በሽንት ይወጣል። በጾም መግቢያ ሰሞን «ቀለለኝ» የሚለውም በአብዛኛው ያጣው ውኃ ነው።

ታዲያ ሚዛኑ ላይ የቆመው ማን ነው? ነፍስ በኪሎ ብትለካ ኖሮ አንድ ሳህን ሽሮ ኃጢአት በሆነ!

ጨውን ግን አላማውም። በኦሪት መሥዋዕቱ ያለ ጨው አይቀርብም፤ ቦረናም ከኤል ሶድ ሐይቅ ጠልቆ የሚያወጣው ለከብቱ ጭምር ነው። ነገሩ ምላሳችን ነው፤ ሥጋውን ትተን በጨው ካባበልነው ምኑን ጾምነው? ለእኔ ጨው መቀነስ ቅቤ ከመተው የከበደ ጾም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እግሩ የሚያብጥ ወይም ደም ግፊት ያለበት ግን «ጾሙ ነው» ብሎ አይቀመጥ፤ ሐኪም ጋ ይሂድ።