መሪ፦ የአንድ ቃል ኅብር

«መሪ» የሚለውን ቃል ዲማ ጊዮርጊስ ከቅኔ ጉባኤ ብናቀርበው፣ ተማሪው ቀድሞ የሚለን «ይኼማ ኅብር ነው» ነው። አንድ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ብቻውን ሲሸከም ኅብር ይባላል። መሪ ደግሞ ሸክሙ ብዙ ነው። ሹፌር በእጁ የሚያዞረው ክብ ነገር መሪ ነው። አገር የሚያስተዳድረውም ሰው መሪ ነው። ኃላፊው ከማመልከቻው ጫፍ ላይ ፈርሞ ወደ ሌላ ክፍል ሲልከው «መራው» እንላለን። የቤት መሥሪያ የተሰጠው ሰው «ቦታ ተመራሁ» ይላል። ማኅሌት ላይ መሪጌታው አለ። ለመሆኑ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል መጠራቱ እንዲያው ድንገት ነው? ወይስ ቋንቋው እኛ የዘነጋነውን አንድ ነገር ይዞልናል?

እስቲ ጎረቤቶቹን እንይ። «ነጂ» ከነዳ የመጣ ነው፤ ከብት ይነዳል፣ አህያ ይነዳል። ነጂ ከኋላ ነው የሚሄደው፤ በእጁ ዱላ አለ፤ ገደል ቢመጣ ቀድሞ የሚገባው ከብቱ ነው። «አሽከርካሪ» ከመሽከርከር ወጣ። «ሹፌር»ን ከፈረንሳዮች ተዋስነው፤ እነሱ ዘንድ መነሻው የሚያሞቅ፣ እሳት የሚያነድ ማለት ነበር፤ የእንፋሎት ሞተር ዘመን ቅርስ ነው። «አብራሪ» አውሮፕላን ከመጣ ወዲህ ያወጣነው ስም ነው። እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት ስለ ማንቀሳቀስ ነው። መሪ ግን ከግእዙ «መርሐ» ይወለዳል፤ መንገድ ማሳየት ማለት ነው። መንገድ የሚያሳይ ሰው ከፊት ይሄዳል፤ ገደል ካለም ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። እንግዲህ ነጂንና መሪን የሚለያቸው ጉልበት አይደለም፣ የቆሙበት ቦታ ነው።

አንባቢ «የጎጃም ገበሬስ? እርፍ ጨብጦ ከበሬው ኋላ አይደል የሚሄደው?» ይል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ገበሬው «በሬዬን ጠመድሁ» ይላል እንጂ «መራሁ» ሲል አይሰማም። በሬ ይጠመዳል፣ ከብት ይነዳል፤ ሰው ግን ይመራል። ሰውን የሚነዳ ቢገኝ ቃሉ ራሱ ይመሰክርበታል።

ግእዝ ለመርከብ ሰው «ሐዳፊ» የሚል ቃል ነበረው፤ ቀዛፊ፣ መርከብ ነጂ ማለት ነው። ለአስተዳደር ግን ከመንገዱ ቃል ተነሥተን «መራሔ መንግሥት» አልን። ግሪኮች ከመርከቡ ተነሡ። መርከብ የሚያቀናውን ሰው «ኩቤርኔቴስ» ይሉት ነበር፤ ሮማውያን «ጉበርናቶር» አደረጉት፤ እንግሊዞች ዛሬ መንግሥትን የሚጠሩበት «ገቨርንመንት» የዚሁ ዘር ነው። ፕላቶም «ሪፑብሊክ» በተባለው መጽሐፉ አገርን በመርከብ ይመስላል። የመርከቡ ጌታ ግዙፍ ነው፤ ግን ጆሮው ደከም ያለ፣ ዓይኑም ሩቅ የማያይ ነው። መርከበኞቹ ሙያውን ሳይማሩ መሪውን ለመያዝ ይጣላሉ። ሰማዩንና ከዋክብቱን የሚያውቀውን እውነተኛውን መሪ ደግሞ ሥራ ፈት ነው ብለው ይንቁታል።

ምሳሌው ያምራል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፦ መርከቡ ወዴት እንዲሄድ ማን ወሰነ? ከዋክብትን ማወቅ እንዴት እንደሚደረስ ያስተምራል፤ የት መድረስ እንደሚገባ ግን ከከዋክብት አይነበብም።

በዚህ ላይ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከፕላቶ የተሻለ ምሳሌ ያላቸው ይመስለኛል። ዓይነ ሥውር የሆኑ ሊቃውንት በአገራችን ብርቅ አይደሉም። አንድ ትንሽ ልጅ የበትራቸውን ጫፍ ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ያ ልጅ መሪ ይባላል። ለመሆኑ ማን ነው ማንን የሚመራው? ወዴት እንደሚሄዱ የሚያዙት የኔታ ናቸው፤ ድንጋዩን፣ ጉድጓዱን፣ ወንዙን የሚያየው ልጁ ነው። ልጁ ዓይን ስላለው ጌታ አልሆነም፤ የኔታም ስለማያዩ ተከብረው መጠየቃቸው አልቀረም። የልጁ ግዴታ አንድ ነው፦ ያየውን መናገር። የኔታ ደስ ባይላቸውም «እዚህ ላይ ገደል አለ» ማለት አለበት። ዝም ያለ ዕለት መሪነቱ አበቃ።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሀብ ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ደበቀው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር ሰሜኑ እንደገና ይራብ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት በርዕዮተ ዓለም ሰማይና ምድር ነበሩ፤ በደላቸው ግን ገጠመ፦ ገደሉን አይተው አልተናገሩም። በኋለኛው ዘመን «ቆራጥ አመራር» የማይባልበት ስብሰባ አልነበረም። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የአገሪቱ መሪ ጥለው ሲወጡ፣ ወታደሩ ገና ግንባር ላይ ነበር። እንግዲህ ከፊት የነበረው ማን ኖሯል?

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር በ1948 እ.ኤ.አ. «ሳይበርኔቲክስ» የሚል መጽሐፍ ሲያወጣ ስሙን የወሰደው ከዚያው ከግሪኩ መርከብ መሪ ነበር። የጥናቱ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ መምራት የሚቻለው ያደረጉት ነገር ያመጣው ውጤት ተመልሶ ሲሰማ ነው። መርከቡ ወደ ግራ ካዘነበለ መሪው ማዘንበሉን ማወቅ አለበት፤ አለዚያ እጁ ቢጠነክር ምን ይረባል? ወሬው የተቆረጠበት መሪ፣ መንኮራኩሩ የተነቀለ መሪ ማለት ነው፤ ይዞራል እንጂ አያዞርም።

ነገሩ ቤተ መንግሥት ብቻ የሚቀር አይደለም፤ እኛንም ይነካል። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ፊደል አስቆጠሩ፣ ገበሬውን አደራጁ፤ ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም። ግን ያን ጊዜ የሚወደደው ቃል «ማንቃት» ነበር። የሚነቃ ሰው የተኛ ነው። ጎጃም ግን ተኝቶ ነበር እንዴ? ገና በ1960 ዓ.ም. ገበሬው የእርሻ ገቢ ግብርን አልቀበልም ብሎ ተነሥቶ፣ ጦርና አውሮፕላን ቢላክበትም፣ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ከቦታቸው ተነሥተው ግብሩም እንደታሰበው ሊሰበሰብ አልቻለም። ወዴት መሄድ እንደማይፈልግ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከእኛ የሚፈልገው ምናልባት ዓይን ነበር፤ አንዳንዶቻችን ግን ዱላ ይዘን ከኋላው ቆምን።

ወደ ኅብሩ እንመለስ። ሰሙ በእጅ የሚዞረው ክብ ነገር ነው፤ ወርቁ ሰውየው ነው ብለን ጀመርን። እኔ ግን ወርቁን ከሰሙ ነጥሎ የሚያወጣው አይገኝም እላለሁ። መሪ የሆነ ሰው እንደዚያ ክብ ነገር በሌላ እጅ የተያዘ ነው፤ ተሳፋሪው የሚሄድበትን ይወስናል፣ እሱ ያቀናል። መሪጌታውም ቃሉን ይመራል እንጂ ማኅሌቱን ብቻውን አይቆምም፤ ቀኝና ግራ ካልተቀበሉት ድምፁ እዚያው ይቀራል።

ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን የአንዱ መሥሪያ ቤት ወንበር ሲሰጠን «ኃላፊ ሆንሁ» ማለታችን አይቀርም። ያን ቀን ማንም ሰው ሊጠይቀን የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፦ በትሩን ከየትኛው ጫፍ ነው የያዝኸው?