በመቃብር ፊት አንቸኩል



በዘርዐ ክህነት ሳለን ልብ ወለድ ማንበብ ጊዜ ማባከን ይመስለን ነበር። ታላላቆቻችን በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብበው፣ ወጋየሁ ንጋቱም በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አዳምጠው፣ መጨረሻው እንደሚያስለቅስ ሲነግሩን፣ «ለማልቀስማ መጽሐፍ ምን ያስፈልጋል?» እያልን እናልፈው ነበር። አርባ ዓመት ካለፈን በኋላ ግን፣ ባለፈው ክረምት የአርቦዬ ጭቃና ጭጋግ ከደጅ አላስወጣ ባለን ሳምንት፣ ከአንድ መምህር ተውሰን ጀመርነው።

ወላጆቹ ተስለው ለእግዚአብሔር የሰጡት በዛብህና የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል ይዋደዳሉ፤ የዘር ኩራትና የአገር ልማድ ይለያያቸዋል። ደራሲው በመጨረሻ አንድ መውጫ ያበጁላቸዋል ብለን ገጽ በገጽ ጠበቅን። አላበጁም። ፍቅረኞቹ ተፈላልገው ሲገናኙ በሞት አፋፍ ላይ ነው። መጽሐፉን አጥፈን፣ «ተስፋው የት አለ?» ብለን ተቆጣን።

ደራሲው ግን በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። በፋሽስት ወረራ ጊዜም ተማርከው በኢጣልያ ለዓመታት ታስረዋል። የትንሣኤን ትምህርትም የሰውን መከራም ያውቁ ነበር። እንግዲያስ መቃብሩን ሳይሸፍኑ ያሳዩን ባለማወቅ አይደለም።

በዚያች ሌሊት አንዲት እናት ትዝ አሉን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጃቸው ሞቶ ለቅሶ ደርሰን ነበር። ሌላ ጉዳይ ይጠብቀን ስለ ነበር ስለ ትንሣኤ በአጭሩ አስተማርን፤ ጸሎት አድርሰን ተነሣን። እናቲቱ እስከ ደጅ ሸኝተውን፣ «አባ፣ የልጄን ስም እንኳ ሳይጠሩት ሄዱ» አሉን። ያን ጊዜ የኀዘን ንግግር ነው ብለን ተውነው።

ጌታችን ወደ አልዓዛር መቃብር በሄደ ጊዜ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው ያውቅ ነበር። ሆኖም አስቀድሞ የት እንዳኖሩት ጠየቀ፤ አለቀሰም። የትንሣኤ ጌታ ከእንባው ካልቸኮለ እኛ ወዴት እንቸኩላለን? ይህን ወንጌል ብዙ ጊዜ አንብበነዋል፤ ሰብከነዋልም። እንባውን ዘልለን ወደ ተአምራቱ እንሮጥ እንደ ነበር ያስታወሰን ግን ይህ የልብ ወለድ መጽሐፍ ነው።

ልብ ወለዱ ወንጌል ነው ማለታችን አይደለም። እርሱ መቃብር ላይ ያበቃል፤ እምነታችን ግን መቃብሩን አልፎ ይሄዳል። ነገር ግን በመቃብሩ ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው የሚሰብከው ትንሣኤ ለኀዘንተኛው ባዶ ቃል ይሆንበታል።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ወደ እናቲቱ ቤት ሄድን። ይቅርታ ጠይቀን፣ «እስቲ ስለ ልጅዎ ይንገሩን» አልናቸው። በሕፃንነቱ ምን ይወድ እንደ ነበር፣ ገብስ ሲያጭድ እንዴት ያንጎራጉር እንደ ነበር እስኪመሽ ድረስ አጫወቱን። እኛ እምብዛም አልተናገርንም። ስንነሣ ግን፣ «አባ፣ በቅዳሴ ስሙን ያስቡልኝ» ብለው ስሙን ነገሩን። ስለ ትንሣኤ የጀመሩት እርሳቸው ነበሩ።

የተወደዳችሁ መምህራን ሆይ፤ ወደ ለቅሶ ቤት ስትሄዱ አስቀድማችሁ ተቀመጡ። የሟቹን ስም ጠይቁ፤ ስሙንም ጥሩት። ኀዘንተኛው ሲናገር አታቋርጡት፤ ዝም ሲልም አብራችሁት ዝም በሉ። የትንሣኤን ቃል የምትናገሩበትን ጊዜ እግዚአብሔር ያሳያችኋል።

በወዳጁ መቃብር ያለቀሰው ጌታ ያዘኑትን ሁሉ ያጽናና፤ ለእኛም የሚታገሥ ልብ ይስጠን። አሜን።