ለሣሩ የከፈለ ወታደር



በዚህ ሰፈር ስለ ወታደር የሚናገረው የሌለው ሰው የለም። ከወታደር የሸሸ አለ፤ ራሱ ወታደር የነበረ አለ፤ ልጇ በውትድርና እንደሄደ ቀርቶባት እስከ ዛሬ ወሬውን የምትጠባበቅ እናት አለች። እነዚህ ሁሉ ውሃ ለመቅዳት የሚቆሙት በአንድ ሰልፍ ነው። ስለዚህ የምናነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ ገጽ ብቻ የመጣ አይደለም። ጥያቄውም ይህ ነው፦ የታዘዘውን በሥርዓት የሚፈጽም ወታደር በዚያው ሥራው ጥሩ ሰው ይባላልን? ጥፋት ሲደርስስ ዕዳው የላኪው ነው ወይስ የተላኪው?

ይህን ለመመርመር እንግሊዞችን መርጠናል። የእንግሊዝ ወታደር ስሙ ሲነሣ አብረው የሚነሡ ነገሮች አሉ፤ ሥርዓት፣ ሰዓት አክባሪነት፣ በችግር ጊዜ አለመደንገጥ። ብዙ ሰው «እንግሊዝ ጨዋ ነው» ሲል፣ ያንኑ ያህል ሰው ደግሞ «እንግሊዝ ተንኮለኛ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚሉት ማስረጃ ይዘው ነው። ሌላው ምክንያታችን የቅርባችን መንገድ ነው። ከገዳሪፍ ተነሥቶ በዶካ አድርጎ ገላባት የሚደርሰውን መንገድ ብዙዎቻችን በእግራችን እናውቀዋለን። በዚሁ መንገድ የእንግሊዝ ጦር ተመላልሶበታል፤ ጨዋነቱም ተንኮሉም እዚሁ አካባቢ ታይቷል።

ከሩቁ እንጀምር። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር አስከትሎ ከዙላ ወደብ ወደ መቅደላ ሲወጣ፣ በየመንገዱ ለሚወስደው ሣር፣ እንጨትና እህል ለገበሬው በጠገራ ብር ይከፍል ነበር። የዚያ ዘመን ገበሬ የሚያውቀው ወታደር ቤቱ ገብቶ፣ በሬውን አርዶ፣ ጎተራውን አራግፎ የሚሄደውን ነው። ለሣር የሚከፍል ጦር ሲያይ ቢደነቅ አይፈረድበትም። ሚያዝያ 6 ቀን ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሽጉጥ ከሰዉ በኋላ ያው ጦር አምባውን ዘረፈ፤ የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር በረበረ። መጻሕፍቱ፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ጽላቱ ተወሰደ። የተዘረፈው ዕቃ በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ሐራጁ በወጉ ነበር፤ መዝገብ ነበረው፤ ድርሻውም በማዕርግ የተደለደለ ነበር። ከጽላቱ 11 ያህሉ በእንግሊዝ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። አንድ ሌላ ጽላት ደግሞ በስኮትላንድ፣ በኤድንበርግ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

እንግዲህ ለሣሩ የከፈለውና ጽላቱን የወሰደው አንድ ወታደር ነው። ሁለቱንም ያደረገው በሥርዓት ነው። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ ሥርዓትና ፍትሕ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ሥርዓት እጅ ነው፤ የሚያቅፍም የሚነጥቅም እርሱ ነው። ሥርዓት የሌለው ጦር ከሁሉ የከፋ ለመሆኑ እኛ ምስክር አያስፈልገንም፤ ነገር ግን «ሥርዓት አለውና ጥሩ ነው» ማለት «ቢላው ስለታም ነውና እንጀራ ይቆርሳል» እንደ ማለት ነው። ስለታምነቱ ምን እንደሚቆርጥ አይነግረንም።

ሁለተኛው ነገር ቃል ነው። «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል የአገራችን ሰው። በግንቦት 1876 ዓ.ም. አድሚራል ሂዊት በእንግሊዝ ስም ዐድዋ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ውል ተፈራረመ። በውሉ መሠረት ኢትዮጵያ በመሐዲስቶች የተከበቡትን የግብፅ ጦሮች፣ ከእነርሱም መካከል የከሰላን፣ በግዛቷ በኩል እንዲወጡ ታደርጋለች፤ በምላሹ ቦጎስ ይመለስላታል፤ ዕቃዋም በምጽዋ ወደብ በነጻ ያልፋል። ኢትዮጵያ የገላባትን ጦር አውጥታ ቃሏን ጠበቀች፤ በዚሁም ምክንያት ከመሐዲስቶች ጋር ያላት ጠብ ከረረ። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1877 ዓ.ም. ጣልያን ምጽዋን ሲይዝ እንግሊዝ አልከለከለችም። በጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ዛሬ ከገላባት ቆሞ ወደ ማዶ የሚመለከት ሰው ያንን የጦር ሜዳ ያያል።

ሂዊት ሲፈርም ዋሽቶ ነበርን? በልቡ አልገባንም። ምናልባት እርሱ የሚናገረውን አምኖ ይሆናል። ጭንቁም እዚሁ ላይ ነው፤ የአንድ መኮንን ጨዋነት የመንግሥቱን ቃል ዋስ ሊሆን አይችልም። መኮንኑ ፈርሞ ይሄዳል፤ ውሉ ለሌላ ሰው ጠረጴዛ ይተላለፋል፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ መተማ የምትባል ስፍራ በካርታ ላይ ያለች ነጥብ ናት። ስለዚህ «እንግሊዝ ጨዋ ነው» የሚለውም «እንግሊዝ ተንኮለኛ ነው» የሚለውም የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። አንዱ በዓይኑ ስላየው ሰው ይናገራል፤ ሁለተኛው ስላላየው ቢሮ።

ሦስተኛው ምሳሌያችን ጀግንነትን ይመለከታል። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ጣልያኖች ከሰላንና ገላባትን ያዙ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ማለዳ ብርጋዴር ስሊም የሚያዝዘው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ገላባትን ለማስለቀቅ አጠቃ። ምሽጉ ተያዘ። ታንኮቹ ግን በፈንጂና በድንጋይ ተሰባበሩ፤ የጣልያን አውሮፕላኖችም ያለ ፋታ ደበደቡ። በዚያን ጊዜ ደንግጦ ወደ ኋላ የፈረጠጠው ከብርጌዱ ውስጥ እንግሊዛውያን ብቻ የነበሩበት ሻለቃ ነው፤ በመኪና ተሳፍረው በመጡበት መንገድ የሸሹ ነበሩ። ከሕንድ የመጡት የጋርዋልና የባሉች ወታደሮች ግን ቦታቸውን ይዘው ቆዩ። በመጨረሻ ስሊም ጦሩን ከገላባት መለሰ፤ ጣልያኖችም መተማን የለቀቁት በጥር ወር ነው።

አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚያ ደረቅ ወራጅ ግራና ቀኝ የተዋጉት እነማን ነበሩ? በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር አገሩ በእንግሊዝ የተያዘበት ሕንዳዊ፤ በጣልያን ባንዲራ ሥር አገሩ በጣልያን የተያዘበት የእኛው አስካሪ። ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ፤ ሁለቱም ለራሳቸው አልተዋጉም። እንግሊዛዊው ደግሞ፣ ለራሱ መንግሥት የሚዋጋው፣ ሸሸ። ይህን የምንለው ለመሣለቅ አይደለም። ከሰማይ ቦምብ ሲወርድ መሸሽ ምን እንደሆነ ለዚህ ሰፈር ሰው አይነገርም። የምንለው፣ ጀግንነት በዘር የሚታደል ጠባይ አለመሆኑን፣ የጀግንነት መኖርም የተዋጉለትን ነገር ትክክል እንደማያደርገው ነው።

ከስሊም ታሪክ ግን አንድ የሚያስቀና ነገር አለ። ይህ ሰው ኋላ በበርማ ድል አድርጎ ፊልድ ማርሻል ሆነ። ገላባትን ሊረሳው ይችል ነበር። ከ19 ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ግን ሽንፈቱን ራሱ ተረከ፤ ደፋሩን መንገድ ትቶ የፍርሃቱን ምክር እንደሰማ ጽፎ አወጣ። የእንግሊዝን ጠባይ የሚያመሰግን ሰው ከሰልፉና ከቆቡ ይልቅ ይህን ቢያመሰግን እንወዳለን። በእኛ ዘንድ ያልተሸነፈ አዛዥ እንጂ «እዚህ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ያለ አዛዥ ስንት ሰምተናል? ከጦርነት በኋላ እውነቱን የሚናገር ወታደር ለሕዝቡ ሁለተኛ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው ይበልጣል።

አራተኛው ምሳሌ በቀጥታ እኛን የሚመለከት ነው። በ1928 ዓ.ም. አገራችን ከተወረረች በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። እንግሊዝ በ1931 ዓ.ም. የጣልያንን ወረራ ስታጸድቅ እነዚህ ስደተኞች የሚቀለቡ ሸክም ነበሩ። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣልያን ወደ ጦርነቱ ሲገባ ግን በአንድ ሌሊት ወዳጆች ሆኑ። በኬንያ ከነበሩት ስደተኞች መካከል ሻለቆች ተመለመሉ፤ ከእነርሱም አንዱ፣ 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ፣ ወደ ሱዳን መጥቶ ከሱዳን ወታደሮች ጋር በኮሎኔል ዊንጌት ጦር ውስጥ ተሰለፈ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። የካቲት 27 ቀን ይኸው የስደተኞች ሻለቃ በደምበጫ አጠገብ፣ በጫራቃ ወንዝ፣ በብዙ እጥፍ ከሚበልጠው ጦር ጋር ተጋፍጦ ብዙ ሰው ሰዋ።

ዊንጌት ከ1920 እስከ 1925 ዓ.ም. በሱዳን መከላከያ ሠራዊት ሲያገለግል ይህን ድንበር ያወቀ፣ ጠባዩ ሻካራ የሆነ ሰው ነበር። ቢሆንም የኢትዮጵያን ነጻነት የራሱ ጉዳይ አደረገው። ከድሉ በኋላም ለወታደሮቹ የሚገባው አበል ባለመከፈሉ ከአለቆቹ ጋር ተጋጨ። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ ትምህርት ቤት መቆሙ ያለ ምክንያት አይደለም። የላከው መንግሥት ግን ነጻ ባወጣት አገር ላይ ለዓመታት እጁን አላነሣም፤ በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ በተነሣው ዐመፅ ላይ ቦምብ የጣሉት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ነበሩ። በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ነጻ አውጪም ደብዳቢም ያው ባንዲራ ሆነ።

ከዚህ የምናወጣው ምክር አጭር ነው፦ ስደተኛ በድንገት ሲከበር ይጠንቀቅ። ትናንት ሸክም የነበረው ዛሬ «ጀግና» ከተባለ፣ የተለወጠው እርሱ አይደለም፤ የጠሪው ፍላጎት ነው። ይህ ማለት የጫራቃ ሰዎች ተታለሉ ማለት አይደለም። እነርሱ የሚዋጉት ለአገራቸው መሆኑን ያውቁ ነበር፤ የእንግሊዝን ጠመንጃ ይዘው የራሳቸውን ጦርነት ተዋጉ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «እያንዳንዱ ወታደር ትእዛዙን በኅሊናው ሚዛን ከመዘነ፣ ጦር የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም፤ ጦር የሌለው ሕዝብ ደግሞ የሌላው ሲሳይ ነው» ይባላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ የእነዚሁ የእንግሊዞች ታሪክ መልስ አለው። መንግሥታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ የግዴታ ውትድርናን ሲደነግግ፣ ኅሊናው የማይፈቅድለት ሰው ቀርቦ እምቢ የሚልበትን አንቀጽ በሕጉ ውስጥ ጻፈ። አፈጻጸሙ ጭካኔ ነበረበት፤ ብዙዎች ተሰድበዋል፣ ታስረዋልም። ቢሆንም በዚያ እልቂት መካከል መንግሥት በገዛ ሕጉ «እምቢ ማለት ይቻላል» ብሎ ጻፈ፤ ጦሩም በዚህ ምክንያት አልፈረሰም። በእኛ አገር በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲታወጅ፣ ብዙ ወጣት እምቢታውን የተናገረው በእግሩ ነው፤ ይህን ድንበር ተሻግሮ። ከእነዚያ መካከል እስከ ዛሬ በገዳሪፍ ከተማ የሚኖሩ አሉ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የተሻገረውም ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ደግሞም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳናውያን ራሳቸው የገዛ አገራቸውን ወታደሮች ሸሽተው፣ ገሚሱ ወደ ገዳሪፍ፣ ገሚሱ በገላባት በኩል ወደ መተማ ሲጎርፉ አይተናል። ድንበሩ ያው ነው፤ ሰልፉ አቅጣጫ ለወጠ እንጂ።

እንግዲህ ለተነሣንበት ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የዕዳው ትልቁ ክፍል የላኪው ነው፤ ላኪው በሚበልጠው ሥልጣኑ ልክ ይጠየቃል። ነገር ግን የላኪው ዕዳ የተላኪውን አይከፍልም። መሣሪያ ባልያዘ ሰው ላይ የተነሣ እጅ የማን እንደሆነ እጁ ያውቃል። በግድ የተወሰደውንና ወዶ የሄደውን፣ የተኮሰውንና የዘረፈውን፣ ዝም ያለውንና እውነቱን የተናገረውን በአንድ ስም ጠርተን «ወታደር» ብለን ብንፈርድ፣ እኛም እንደዚያ ሩቅ ቢሮ ሰውን በካርታ ላይ ማየት ጀመርን ማለት ነው። በውሃው ሰልፍ ላይ ከፊታችን የቆመውን የቀድሞ ወታደር ልንጠይቀው የሚገባን የየትኛው ጦር እንደነበረ ሳይሆን ምን እንዳደረገ ነው፤ ሊናገርም ከፈለገ ልንሰማው ይገባል።

ለወጣቶቻችን ደግሞ የምንለው አለን። ነገ ከየትኛውም ወገን መጥቶ «ጠመንጃ ያዝ» የሚልህ ሰው ይኖራል፤ ዓላማውንም አሳምሮ ይነግርሃል። ስለ ዓላማው ከመጠየቅህ በፊት አንድ ነገር ጠይቀው፦ «እምቢ ብልስ?» በለው። መልሱን ሲሰጥህ ፊቱን ተመልከት። እምቢ ማለት የማይቻልበት ቦታ የተሰጠ እሺታ ዋጋ የለውም፤ ያን እሺታ የሚሰበስብ ጦርም፣ ለሣሩ ቢከፍል እንኳ፣ ነገ ከቤትህ የሚወስደው ነገር አያጣም።