ሌሊት የሚጮኸው ውሻ እና ያመለጠው ሱብሒ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ኮምቦልቻ ከሚኖር አንድ ወጣት የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ድምፁ ድካም ነበረበት። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። አንደኛው ጓደኛው ግቢው ሌባ ስለበዛበት ቡችላ አምጥቶ እዚያው ከሚተኙበት ክፍል ማሳደር ጀመረ። ቡችላው ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፣ በር ይቧጥጣል። ያመጣው ልጅ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ጩኸቱን አይሰማውም። ጠያቂዬ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በቅጡ አልተኛም። ሱብሒ በተደጋጋሚ አምልጦታል። ከጓደኛውም ጋር ተኳርፈዋል። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ ማታ በጆንያ አድርጌ ቦርከና ዳር ብጥለው ወንጀል አለብኝ?»

ይህን ስትሰማ ትስቅ ይሆናል። እኔ ግን አልሳቅሁም። በጥያቄው ውስጥ አራት ሐቆች ተሰብስበዋል፤ የአላህ ሐቅ የሆነው ሰላት፣ የገላው ሐቅ የሆነው እንቅልፍ፣ የጓደኛው ሐቅ፣ እና አፍ አውጥቶ መናገር የማይችለው የዚያ ፍጡር ሐቅ። አንዱን ሐቅ ለማስከበር ብለን ሌላውን እንዳንረግጥ ነው የዛሬው የጁሙዓ ምክሬ።

መጀመሪያ ስለ እንቅልፍህ።

አንዳንድ ወጣት እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ማማረር የኢማን ድክመት ይመስለዋል። አይደለም። አላህ በሱረቱ ነበእ 9ኛው አንቀጽ ላይ እንቅልፋችንን ዕረፍት እንዳደረገልን ከጸጋዎቹ ጋር ቆጥሮ ነግሮናል። ሰሓቢው ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር ቀን እየጾሙ ሌሊቱን ሙሉ በሰላት ሲያሳልፉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገላህም ዓይንህም ሐቅ አላቸው ብለው እንደመለሷቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። ለዒባዳ ተብሎ እንኳ ገላን ከልክ በላይ ማድከም ካልተወደደ፣ በጩኸት ምክንያት ሌት ተቀን መናወዝማ እንዴት ይወደዳል? ስለዚህ ወንድሜ፣ መፍትሔ መፈለግህ ትክክል ነው።

ስላመለጠህ ሱብሒም አብሽር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኸይበር ሲመለሱ ሌሊት ላይ አረፉና ፈጅርን እንዲጠብቅ ቢላልን አዘዙት። ቢላልንም እንቅልፍ ጣለው። የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነበር። ከዚያ ተነሥተው ሰገዱ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። እንቅልፍ የጣለው ሰው እንደነቃ ይሰግዳል፤ ተስፋ ቆርጦ አይተወውም። ነገር ግን እሳቸው ከመተኛታቸው በፊት ቀስቃሽ መድበው ነበር። አንተስ? ደወል ሞልተሃል? ጓደኛህን ቀስቅሰኝ ብለሃል? ወይስ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስልክህን ስትነካካ አምሽተህ ጥፋቱን ሁሉ በቡችላው ላይ ጣልከው?

ሁለተኛ ስለ ውሻው ቦታ።

ጅብሪል (ዐ.ሰ) በተወሰነ ሰዓት ሊመጡ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀጠሮ ሰጥተው ዘገዩ። ነቢዩም ዞር ሲሉ ከአልጋቸው ሥር ቡችላ አዩ። መቼ እንደገባ አዒሻን (ረ.ዐ) ጠየቁ፤ እሳቸውም አላወቁም ነበር። ቡችላው እንዲወጣ ተደረገ፤ ጅብሪልም መጡ። መላእክት ውሻ ያለበት ቤት እንደማይገቡም ነገሩ። ሙስሊም ዘግበውታል። ከዚህ በኋላ ቡችላ ከእናንተ ጋር አንድ ክፍል ይደር ወይ ብሎ መከራከር አያስፈልግም። ይውጣ።

ውሻ ማሳደርን በተመለከተ ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ እንደተፈቀደ፣ ያለ እነዚህ ምክንያቶች ግን በየቀኑ ከምንዳ እንደሚቀንስ በሐዲስ መጥቷል። ኢማሙ ነወዊ ደግሞ ቤት ለመጠበቅም እንደሚፈቀድ በትክክለኛነት የያዙት አቋም መሆኑን ጽፈዋል። ስለዚህ ጓደኛህ ሌባ ፈርቶ ማምጣቱ መነሻ አለው፤ የተሳሳተው ቦታውን ነው። ብዙዎቻችን በምናውቀው የሻፊዒይ መዝሀብ የውሻ እርጥበት የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። ልብስህም ውሻውም ደረቅ ከሆኑ ግን ነጃሳ አይተላለፍም። ስለዚህ በደረቅ ልብስህ አጠገብ ስላለፈ ብቻ በእርግጫ አትበለው።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ሱረቱል ከህፍን ትቀራለህ። 18ኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ቆም በል። እንደ አንተ ወጣቶች የሆኑ ምእመናን ዋሻ ውስጥ ተኝተዋል። ውሻቸውም ከደጃፉ ላይ የፊት እግሮቹን ዘርግቷል። ኢብኑ ከሢር በተፍሲራቸው ሁለት ነገር ያስተውላሉ። ውሻው ከውስጥ ሳይሆን ከደጅ መሆኑን፣ እና ደጋግ ሰዎችን በመከተሉ በረከታቸው ለእሱም ተርፎ በቁርኣን መወሳቱን። ከእኛ ስንቶቻችን ስማችን ቀርቶ ወሬያችን እንኳ ነገ የሚያነሳው የለም፤ የዚያ ውሻ ነገር ግን እስከ ቂያማ ይነበባል። የውሻ ቦታው ደጃፍ ነው፤ ደጃፍ ላይ መሆኑ ግን ከእዝነት ውጭ አያደርገውም።

ሦስተኛ ስለ ቦርከናው ሐሳብ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርህ። ደሴ ተማሪ ሳለሁ ከጦሳ ግርጌ አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይቼ ነበር። ቀን ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፤ ከሱብሒ በኋላ ሸኻችን ዘንድ ኪታብ እቀራለሁ። ከራስጌዬ ካለው ግድግዳ ማዶ የጎረቤታችን፣ የአንዲት አሮጊት ክርስቲያን እናት ውሻ ታስሮ ያድራል። የደሴ ሌሊት ብርድ ነው፤ ጅብም ከተራራው ይወርዳል። ውሻው ጅብ ሲሸተው ይጮሃል፤ ጅቡ ከሄደ በኋላም ይጮሃል። ኪታቡ ላይ እያንቀላፋሁ ሸኻችን ስንቴ ገሠጹኝ! አንድ ቀን የግቢያችን ልጅ «ሥጋ ውስጥ የሚጨመር መርዝ አገኛለሁ፤ ነገ ዝም ይላል» አለኝ። እሺም እምቢም አላልኩም። ዛሬም የሚቆጨኝ ያ ዝምታዬ ነው።

በማግስቱ ሸኻችንን «የሚያስቸግር ውሻ መግደል ይፈቀዳል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ማስረጃ ሲቆጥሩልኝ ልጽፍ ደብተሬን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን «ውሃ አለው?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ገመዱስ ስንት ክንድ ነው?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያ ሂድና አይተህ ና፤ ፈትዋው ይደርሳል» አሉኝ።

ሄጄ አንኳኳሁ። እማማ ከፈቱልኝ። ገመዱ በተተከለው እንጨት ላይ ተጠማዞ አንድ ክንድ እንኳ አልቀረውም። የውሃ ጣሳው ተገልብጧል። ከዝናብና ከብርድ የሚሸሽበት መጠለያ የለውም። እማማ «ልጄ፣ ጉልበቴ አላስኬድ ብሎኝ ነው፤ እንዳስቸገራችሁ አውቃለሁ፤ የሚረዳኝ ሰው አጣሁ» አሉኝ። አፈርኩ። ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘን እየኖርን አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋሉ ብዬ አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት እኔና ያ መርዝ አገኛለሁ ያለው ልጅ እንጨቱን ነቅለን ከግድግዳችን አርቀን ተከልነው። ገመዱን አስረዘምን። ከአሮጌ ቆርቆሮ መጠለያ ሠራን። ለውሃው የማይገለበጥ ከባድ ድስት አስቀመጥን። ውሻው ጨርሶ ዝም አላለም፤ ጅብ ሲመጣ ይጮሃል፤ ሥራው ነውና። ሌሊቱን ሙሉ መጮሁ ግን ቀረ። እኔም ተኛሁ። ለፈትዋው ተመልሼ አልሄድኩም።

ወንድሜ፣ ድመት አስራ ሳታበላ፣ ራሷም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት በገደለቻት ሴት ላይ የመጣውን ቅጣት ታውቃለህ። በውሃ ጥም ምላሱን አውጥቶ ላየው ውሻ ከጉድጓድ በጫማው ውሃ ቀድቶ ስላጠጣው ሰው ምሕረትም ታውቃለህ። ሁለቱም በሶሒሕ ሐዲስ የተረጋገጡ ናቸው። አላህም በሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ እንስሳት እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ነግሮናል። ታዲያ ዓይኑን ከገለጠ ገና ጥቂት ሳምንት የሆነውን ቡችላ በጆንያ አስሮ ወንዝ ዳር መጣል ከየትኛው ወገን ያቆምሃል?

ደግሞስ ቢተርፍ? ያልተከተበ የጎዳና ውሻ ይሆናል። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ በኩል የሚመጣ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሞት አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል። ያንተ እንቅልፍ የአንድ ምስኪን ልጅ ሞት ሊሆን አይገባም። ማንንም ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ይጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ዱዓም ይደረግለት፤ ክትባቱ ግን አይዘግይ።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልክ፣ ለልጁ የመለስኩለት ይህን ነው።

አንደኛ፣ ዛሬውኑ ከጓደኛህ ጋር ተቀመጥ። ከሥራ ደክሞ ሲገባ አትጩህበት፤ ምሳ ላይ፣ በሰከነ ሰዓት አነጋግረው። ሁለተኛ፣ ቡችላው ከክፍሉ ወጥቶ በበረንዳው ጥግ ይደር። ካርቶን ውስጥ አሮጌ ልብስ አንጥፉለት። ከእናቱና ከወንድሞቹ ገና የተለየ ቡችላ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የሚያለቅሰው ብርድና ብቸኝነት ስለሚሰማው ነው። ሦስተኛ፣ ማታ አብሉት፤ ውሃው አይጉደል፤ ዕድሜው ሲደርስ አስከትቡት። አራተኛ፣ ልትንከባከቡት ካልቻላችሁ ግቢ ላለው፣ ከብት ለሚጠብቅ ሰው በእጅ ስጡት። መስጠትና መጣል አንድ አይደሉም። አምስተኛ፣ ውሻ ያለህ ከሆንክ ደግሞ፣ በግድግዳው ማዶ ሰው እንደተኛ አስብ፤ ጎረቤቱ ከክፋቱ ያልተማመነው ሰው አማኝ እንዳልሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአላህ ስም ምለው አስጠንቅቀዋል።

ይህን ሁሉ አድርገህም ሌሊት የውሻ ጩኸት ከቀሰቀሰህ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ሰዓት በአላህ እንድንጠበቅ እንዳስተማሩን አስታውስ፤ እኛ የማናየውን ያያሉና። አዑዙ ቢላህ በል። ጉልበት ካገኘህ ውዱእ አድርገህ ሁለት ረከዓ ስገድ። ካላገኘህም አላህን አውስተህ ተመልሰህ ተኛ።

ትናንት ማታ ልጁ አጭር መልእክት ላከልኝ፦ «ኡስታዝ፣ አሁንም ያለቅሳል፤ ግን ከበር ውጭ ነው። ከጓደኛዬ ጋርም ታርቀናል። ለሱብሒ እሱ ከሥራ ሲመለስ ሊቀሰቅሰኝ ተስማምተናል።»

አላህ እንቅልፋችንን ዕረፍት፣ መንቂያችንን ዒባዳ ያድርግልን። ጎረቤቶቻችንን ከክፋታችን ይጠብቅልን። ለደካማ ፍጡር የሚራራ ልብ ይስጠን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን አንብቡ፤ በነቢያችን ላይ ሰለዋት አብዙ። ከጸሎታችሁም አትርሱኝ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።