አርባን ለተሻገራችሁ

ልጆቼ፣ አባቶቻችን ስለ ወንድ ሆርሞን መቀነስ ሳይነግሩን ስለሞቱ እኔ ልንገራችሁ። ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ከ30ዎቹ ዕድሜ በኋላ በዓመት 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የሚወርደው ቀስ እያለ ስለሆነ ወንዱ ራሱ አያስተውለውም፤ ቀድማ የምታየው ሚስት ናት። ነጭናጫ ይሆናል፤ እራቱን ሳይጨርስ ሶፋ ላይ ያሸልባል፤ አልጋ ላይ ጀርባውን ይሰጣታል። እሷ ሌላ ሴት የያዘ ይመስላታል፣ እሱ አፍሮ ዝም ይላል። በዚህ የተነሳ ሽማግሌ ፊት የቀረቡ ባልና ሚስት አይቻለሁ፤ ሁለቱም ያሳዝኑኛል።

ግን ሁሉን በዕድሜ አታሳብቡ። ላምበረት መናኸሪያ ሌሊት ተነስተው የሚያሽከረክሩትን ሾፌሮች ተመልከቱ። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ጫት፣ ማታ ቢራ፣ በቀበቶ ላይ የተንጠለጠለ ሆድ። የሆድ ስብ ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጣል፤ ሆርሞኑ ሲያንስ ደግሞ ስቡ ይብሳል። የላምበረት ሰዎች፣ የካ ተራራ አጠገባችሁ ነው፤ ማልዳችሁ በባሕር ዛፉ መሀል ሽቅብ ውጡ። ኪሎ መቀነስና በቂ እንቅልፍ ብቻቸውን ሆርሞኑን ከፍ ያደረጉለት ሰው ብዙ ነው።

የወሲብ ስሜታችሁ ከጠፋና የጠዋቱ መቆም ከቀረ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለሆርሞኑ ምርመራ ደም የሚሰጠው በባዶ ሆድ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ነው፤ ሆርሞኑ ከፍ የሚለው ያን ጊዜ ነውና። ውጤቱ ዝቅ ካለ በሌላ ቀን ይደገማል። ስኳርና ግፊትም አብረው ይታዩ። የብልት ደም ስሮች ከልብ ደም ስሮች ይቀጥናሉ፣ ስለዚህ ቀድመው ይጠባሉ፤ ስንፈተ ወሲብ ሊመጣ ያለ የልብ ሕመም ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። እፍረት ይህን ምልክት ሲሸፍነው ነው የሚያስፈራኝ።

ሳይመረመሩ የቴስቶስትሮን መርፌ መወጋት አይሆንም። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን የዘር ፍሬን ሥራ ሊያስቆም ይችላል፤ ገና መውለድ የምትሹ ይህን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት። ደምንም ያወፍራል፣ ክትትል ይፈልጋል። ቪያግራን በፍሬ ገዝቶ መዋጥም እንዲሁ፤ ለልብ ሕመም ከሚሰጡት ናይትሬቶች ጋር ከተገናኘ የደም ግፊትን በድንገት ጥሎ ሊገድል ይችላል። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ቅረቡ። ከተቻለ ሚስቶቻችሁም አብረው ይግቡ፤ ለውጡ መቼ እንደጀመረ ሐኪሙ ሲጠይቅ አስተካክለው የሚመልሱለት እነሱ ናቸው።